ሲድኒ ፖይቲየር፦ ኦስካሩን እንተወውና የእምቢታውን ነገር እንጫወት

ፋኖስ

ሰላም ለቤቱ። ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ይዤ መጥቻለሁ፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳንደናገር።

ባለፈው እሁድ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በሲድኒ ፖይቲየር ተጨቃጨቅን። እሱ ነገሩን ባጭሩ ዘጋው። "በዋና ተዋናይነት ኦስካር የወሰደ የመጀመሪያው ጥቁር ነው። ሌላ ምን አለ?" አለኝ። ሌላማ ሞልቷል! እኔን የሚገርመኝ ከወሰደው ሽልማት ይልቅ እምቢ ብሎ የመለሰው ሥራ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ወላጆቹ የባሃማስ ገበሬዎች ናቸው፤ ቲማቲም ያመርታሉ። በፌብሩዋሪ 1927 ቲማቲማቸውን ሊሸጡ ማያሚ ሄደው ሳለ እናትየውን ምጥ ያዛት። ልጁ በሰባት ወሩ ተወለደ፤ ሚጢጢዬ ነው። አባት ከዚያ በፊትም ልጅ ቀብሮ ያውቃል። ስለዚህ ተስፋ ቆረጠና የጫማ ካርቶን ፈልጎ መጣ፤ ለመቅበሪያ። እናት ግን እምቢ አለች። አዋቂ ቤት ሄደች። አዋቂዋም ልጁ እንደሚተርፍ፣ ከነገሥታት ጋር እንደሚቆም ነገረቻት። የመጀመሪያዋ እምቢታ እንግዲህ የእናቱ ናት።

ያደገው ካት አይላንድ በምትባል ደሴት ነው። መብራት የለም፣ የቧንቧ ውሃ የለም። አስር ዓመት ገደማ ሲሆነው ወደ ዋና ከተማው ናሳው ሄዱና ፊልም የሚባል ነገር እዚያ አየ። የካውቦይ ፊልም ነበር። ሲያልቅ ሮጦ ከአዳራሹ ጀርባ ሄዶ ቆመ። ከብቶቹና ፈረሶቹ በጓሮ በር ሲወጡ ሊያይ ነው!

በ15 ዓመቱ ማያሚ ወንድሙ ጋ ላኩት። የደቡቡ የዘር ሕግ አልተዋጠለትም። በ16 ዓመቱ ኒው ዮርክ ገባ፤ እዚያም ሳህን አጣቢ ሆነ። ማንበብ እምብዛም አይችልም። አንድ ቀን የሥራ ማስታወቂያ ለማየት ጋዜጣ ሲገልጥ፣ ሳህን አጣቢ ከሚፈለግበት ገጽ ፊት ለፊት "ተዋንያን ይፈለጋሉ" የሚል አየ። ሳህን አጣቢ ከተፈለገ ተዋናይስ ቢፈለግ ምን ይደንቃል ብሎ ሄደ።

ቦታው በኒው ዮርኩ የጥቁሮች ሰፈር በሀርለም ያለው የአሜሪካ ኔግሮ ቲያትር ነው። ከቲያትሩ መሥራቾች አንዱ ፍሬድሪክ ኦኒል ጽሑፍ ሰጠውና "አንብብ" አለው። ልጁ ፊደል እየቆጠረ፣ በደሴት አነጋገሩ እየተንተባተበ ጀመረ። ኦኒል ጎትቶ ወደ በሩ ወሰደው። "የሰው ጊዜ አታባክን፤ ሂድና ሳህን አጣቢነት ፈልግ" ብሎ አስወጣው። ፖይቲየር መንገድ ላይ ቆሞ ያሰበው ምን መሰላችሁ? "ሳህን አጣቢ መሆኔን በምን አወቀ? እኔ አልነገርኩት!" ያቺ ቃል አንገበገበችው። ተዋናይ የሆነው ያን ሰውዬ ለማሳፈር ነው ማለት ይቻላል።

ሬዲዮ ገዛ። አስተዋዋቂው የሚለውን ቃል በቃል እየደገመ ወራት ተቀመጠ። ማንበቡን ደግሞ የሚሠራበት ምግብ ቤት ያለ አንድ አዛውንት አይሁዳዊ አስተናጋጅ አስተማረው። ሽማግሌው "ዛሬ ጋዜጣው ምን ይላል?" ብሎ ሲጠይቀው ልጁ በደንብ ማንበብ እንደማይችል ነገረው። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ሌሎቹ አስተናጋጆች ራታቸውን ሲበሉ እነሱ ኩሽናው በር አጠገብ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ። ነጠላ ሰረዝ ለምን እንደምትደረግ እንኳ ያስረዳው እሱ ነው።

ወደ ቲያትሩ ተመልሶ ሄደ። አሁንም ፊት ነሱት። ታዲያ "ቤቱን ልጥረግላችሁና ትምህርቱን አስገቡኝ" ብሎ ተስማማ። ቀሪውን ከታች እቀጥላለሁ፤ መጀመሪያ እናንተ በሉ እስቲ።

የዲሲው ሹፌር

ፋኖስ፣ በጠዋቱ እንባዬን አመጣኸው።

እኔ ሀገር ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ክራባት የማስር ሰው። እዚህ እንደመጣሁ የመጀመሪያ ሥራዬ ሳህን ማጠብ ነበር። የምግብ ቤቱን ስም ልተወው። እንፋሎቱ መነጽሬን ሸፍኖት ሳህኑን በእጄ እየዳሰስኩ ነበር የማጥበው። አንድ ቀን አለቃው የተናገረኝን ሳልሰማ ቀረሁና "ይቅርታ፣ ምን አልክ?" ስለው ለሌላው ሠራተኛ "ይሄ ምንም አይገባውም" አለለት። እሱን ግን ሰማሁት። እንዲህ ያለውን ጆሮ ወዲያው ነው የሚይዘው።

የሬዲዮውን ነገር እኔም ሠርቻለሁ። አሁንም መኪናዬ ውስጥ ዜና አንባቢዋን ተከትዬ እላለሁ። ልጄ ትስቅብኛለች።

ቆይ ግን ያ አስተናጋጅ ምን ሆነ? ኋላ አገኘው?

ፋኖስ

ወንድም ሹፌሩ፣ አላገኘውም። ስሙ ከተጠራ በኋላ ፈልጎት ነበር፤ ረፍዶ ነበር። በሕይወቴ ከሚቆጩኝ ነገሮች አንዱ እሱን በወጉ አለማመስገኔ ነው ይል ነበር። በ2013 ቴሌቪዥን ላይ ይህንኑ ሲያወራ አልቅሷል። ያኔ ዕድሜው 86 ነው፣ ሁለት ኦስካር ቤቱ አለ፣ እና ስለ ጋዜጣና ስለ አንድ አስተናጋጅ ያለቅሳል።

ተጠራጣሪው

የቤቱን ሙቀት ላቀዝቅዘው ነው፣ ይቅርታ።

የልጅነት ታሪኩ ግሩም ነው፣ አልክድም። ፊልሞቹ ግን? ሁሌ ያው ሰው ነው። ንጹሕ ሸሚዝ፣ ጨዋ አንደበት፣ የማይቆጣ፣ ሴት የማይነካ፣ ለነጩ ችግር የሚደርስ መልአክ። በ1958 በወጣው "ዘ ዲፋያንት ዋንስ" ከቶኒ ከርቲስ ጋር በሰንሰለት የታሰረ እስረኛ ነው። ከሰንሰለቱ ተላቀዋል፣ ባቡር ላይ ወጥቷል፣ ነጻ ሊሆን ነው። ነጩ ጓደኛው መሳፈር ሲያቅተው ግን ለሱ ብሎ ከባቡሩ ይወርዳል። ደራሲው ጄምስ ቦልድዊን ጽፎታል፤ ነጮቹ ተመልካቾች በዚህ ልባቸው ሲረካ፣ ሀርለም ያሉት ጥቁሮች ግን "አንተ ጅል፣ ባቡሩ ላይ ተመለስ!" ብለው ጮኹ።

በ1967ም ክሊፎርድ ሜሰን የሚባል ጥቁር ጸሐፌ ተውኔት ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ነጭ አሜሪካ ፖይቲየርን ለምን እንዲህ እንደሚወደው ጠይቆ ልክ ልኩን ነግሮታል። እኔ ብቻዬን አይደለሁም ለማለት ነው።

እና "እምቢታ" የምትለው የቱ ነው? እኔ የማየው እሺታ ነው።

ፋኖስ

ተጠራጣሪው፣ የባቡሩን ነገር እቀበላለሁ። እኔም እዚያ ጋ ስደርስ ቴሌቪዥኑ ላይ የምወረውረው ነገር ነው የምፈልገው። ትችቱም ሰውየውን እጅግ ጎድቶታል።

እምቢታውን ግን ልንገርህ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ሁለት ሦስት ፊልም ሠርቷል፤ ሥራው ግን ቀጥ ብሏል። ሀርለም ውስጥ ከሰው ጋር የጎድን ጥብስ ቤት ከፍቶ እየተንገታገተ ነው። ሚስቱ ሁለተኛ ልጃቸውን ልትወልድ ተቃርባለች፤ ለሆስፒታል የሚከፈል የለም።

በዚህ መሀል ማርቲን ባውም የሚባል ወኪል አንድ ሚና አመጣለት። ክፍያው በሳምንት 750 ዶላር። ለዚያ ጊዜ፣ ለዚያ ቤት፣ መና ከሰማይ ማለት ነው። ፖይቲየር ጽሑፉን አነበበ። ገጸ ባሕርይው የጽዳት ሠራተኛ ነው፤ ወንበዴዎች የሠሩትን አይቷል። እንዳይናገር ሲሉ ትንሽ ልጁን ገድለው ደጁ ላይ ይጥሉለታል። አባትየው ምን ያደርጋል? ምንም። ዝም ይላል።

ፖይቲየር ሄዶ "አልሠራውም" አለ። ወኪሉ "ሰድቦሃል? ጥቁርን ያዋርዳል?" ብሎ ጠየቀው። "አይ" አለው። ምክንያቱን እንኳ በደንብ አልነገረውም። ኋላ ሲያስረዳ ግን እኔ አባት አለኝ፣ እኔም አባት ነኝ፣ አባት እንዲህ ዝም አይልም ነው ነገሩ። ያ ቲማቲም አምራች አባቱ ፊቱ ላይ ድቅን እያለበት።

ከዚያ ወጥቶ ወዴት ሄደ መሰላችሁ? ብድር ቤት። የቤት ዕቃውን አስይዞ 75 ዶላር ተበደረና የመውለጃውን ከፈለ። በሳምንት 750 እምቢ ብሎ 75 መበደር! ባውም ይህን የመሰለ እብድ አይቶ አያውቅም። እንደዚህ ያበደውን ሰው መወከል እፈልጋለሁ ብሎ ያዘው፤ ለብዙ ዓመታትም አብረው ሠሩ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ከተሰጠው መካከል ነው የመረጠው። ሜኑውን የጻፈው እሱ አይደለም።

ተጠራጣሪው

የ75 ዶላሯን አላውቅም ነበር። ጥሩ ነው። ሜኑው ላይ ግን ገና እንከራከራለን።

ሒሩት ዘጉለሌ

የጥፊውን ሳታነሱ ክሩ እዚህ ድረስ መምጣቱ ገርሞኛል!

ላላያችሁት፤ "ኢን ዘ ሂት ኦፍ ዘ ናይት"፣ 1967። ፖይቲየር ቨርጂል ቲብስ የሚባል የፊላዴልፊያ መርማሪ ነው። ሚሲሲፒ ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ የግድያ ወንጀል ይመረምራል። ከከተማው የፖሊስ አዛዥ ጋር፣ ሮድ ስታይገር ነው፣ አንድ የጥጥ እርሻ ባለጸጋ ቤት ይሄዳሉ። ሰውየው መስታወት ቤት ውስጥ ኦርኪድ ይንከባከባል። ጥቁር አሽከሩ የሎሚ ጭማቂ በትሪ ይዞ ቆሟል። ቲብስ በትሕትና ጥያቄ ይጠይቃል። ባለጸጋው መጠርጠሩ ሲገባው ጠጋ ብሎ በጥፊ ያጮለዋል። ቲብስ ሰከንድ አልፈጀም፤ መልሶ አጮለው። ጧ!

ከዚያ ዝምታ። ባለጸጋው ወደ ፖሊሱ ዞሮ "አየህ?" ይለዋል። "አየሁ"። "ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?" ፖሊሱም "እንጃ" ይላል። ያቺን "እንጃ" ነው የምወዳት። ባለጸጋው ድሮ ቢሆን አስገድልህ ነበር ይለዋል፤ ድሮ ማለት ደግሞ ሩቅ አልነበረም።

አንድ ማስተካከያ ግን አለኝ፣ አንድ ሰው ከመጻፉ በፊት። ፖይቲየር በኋለኛው ዕድሜው ጥፊውን መመለስ የኔ ሐሳብ ነው፣ ውል ውስጥ አስገብቼዋለሁ ይል ነበር። የፊልሙ ጸሐፊ ስተርሊንግ ሲሊፋንትና ዳይሬክተሩ ኖርማን ጁዊሰን ደግሞ ከመጀመሪያውም ጽሑፉ ላይ ነበር ብለዋል። የቱንም ያዙ፤ እጁ ግን የሱ ነው።

የቀረጻው ነገርም ሌላ ታሪክ ነው። ታሪኩ ሚሲሲፒ ይሁን እንጂ ፊልሙ በብዛት የተሠራው ስፓርታ፣ ኢሊኖይ ነው። ደቡብ አልሄድም ስላለ። ምክንያት ነበረው። በ1964 ክረምት ሦስት የመብት ታጋዮች ሚሲሲፒ ውስጥ ተገድለው ነበር። ዘፋኙ ሀሪ ቤላፎንቴና ፖይቲየር ለታጋዮቹ 70,000 ዶላር በጥሬው በሐኪም ቦርሳ ይዘው ግሪንውድ ገቡ። ከአየር ማረፊያው ሲወጡ ኩ ክላክስ ክላን የሚባለው የነጭ ዘረኞች ቡድን ሰዎች በመኪና እያሳደዱ ከኋላ ይገጯቸው ነበር። ለጥጥ እርሻው ትዕይንት ብቻ ለጥቂት ቀናት ቴነሲ ሲሄድ፣ ትራሱ ስር ሽጉጥ አድርጎ ነው የተኛው።

እና ተጠራጣሪው፣ "የማይቆጣ" ያልከውን አንሣ!

ፋኖስ

ሒሩትዬ፣ ኑሪልኝ። አሁን አንዱን ነገር ካንቺ ጋር ልግጠመው።

የመጀመሪያ ትልቅ ፊልሙ "ኖ ዌይ አውት" ነው፣ 1950። ወጣት ሐኪም ሆኖ ነው የሠራው። የባሃማስ ቅኝ ገዥዎች ፊልሙን አገዱት፤ ሕዝቡ ተቃወመና ታየ። እናትና አባቱ በዕድሜያቸው ሲኒማ ገብተው አያውቁም። የመጀመሪያ ፊልማቸው የልጃቸው ሆነ። መጨረሻው አካባቢ ሪቻርድ ዊድማርክ በሽጉጥ ሰደፍ ይመታዋል። እናትየዋ ፊልም መሆኑን ረሳችው። ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ "መልስለት ሲድኒ! መልሰህ ምታው! ምንም አላደረግከው!" እያለች አዳራሹን ቀወጠችው።

ያ በ1950 ነው። ጥፊው በ1967። አስራ ሰባት ዓመት ቆይቶ የእናቱን ትእዛዝ ፈጸመ ብዬ ነው የማስበው።

ጡረተኛው መምህር

ልጆች፣ ደስ ብሎኝ ነው የማነባችሁ። በእኛ በ1980ዎቹ አንድ የክፍለ ሀገር ከተማ አስተማሪ ነበርኩ። ሰፈራችን ካለው ቪዲዮ ቤት "ቱ ሰር ዊዝ ላቭ" የሚለውን ካሴት ተከራይቼ አየሁ። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ ይጠፋል፣ ግን አየሁት። ሥራ ያጣ መሐንዲስ ነው። የለንደን ድሆች ሰፈር ትምህርት ቤት ይገባል። ተማሪዎቹ ያሾፉበታል። መጨረሻ ላይ መጽሐፉን ወደ ቆሻሻ መጣያ ጥሎ ስለ ኑሮ ያወራቸዋል። ሴቶቹን "ሚስ" እንዲሏቸው፣ እሱን "ሰር" እንዲሉት ያደርጋል።

እኔም ሰኞ ዕለት ክፍል ገብቼ ተማሪዎቼን "አንተ"፣ "አንቺ" ማለት ትቼ "እርስዎ" ማለት ጀመርኩ። ሳቁ ክፍሉን ሊያፈርሰው! በሦስተኛው ቀን ግን ከኋላ የሚቀመጠው ረባሽ ልጅ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከትቶ መጣ። ለሁለት ሳምንት ያህል ቀጠልኩበት፤ ከዚያ ርእሰ መምህሩ "ምን ነካህ?" ብሎ አስቆመኝ።

ፋኖስ

ጋሼ፣ ይሄ ለብቻው ክር ይገባዋል! አንድ ነገር ልጨምርልዎት። በ1955 "ብላክቦርድ ጃንግል" በሚባለው ፊልም ላይ ረባሹ ተማሪ ራሱ ፖይቲየር ነበር። ዕድሜው 28 ሊሞላ ደርሶ፣ ተማሪ ሆኖ አስተማሪ ሲያስቸግር። ከ12 ዓመት በኋላ ወንበሩን ቀየረ።

ልጅ እግር

እኔ አንድም ፊልሙን አላየሁም፣ አትስደቡኝ። ከየቱ ልጀምር? ደግሞ ስሙ እንዴት ነው የሚነበበው?

ሒሩት ዘጉለሌ

ማን ይሰድብሻል። ከጥፊው ጀምሪ። ስሙን እነሱ "ፕዋቲዬ" ነው የሚሉት፤ መጨረሻ ላይ ያለችው "ር" አትሰማም። እኛ ግን ፖይቲየር ብለን ለምደነዋል፣ ተይው።

ኦስካር ያገኘበትን "ሊሊስ ኦፍ ዘ ፊልድ" (1963) ኋላ እዪው። አሪዞና ውስጥ በሁለት ሳምንት የተቀረጸ ትንሽ ፊልም ነው። ለጀርመን መነኮሳት የጸሎት ቤት የሚሠራ መንገደኛ ነው። "ኤመን" የሚለውን መዝሙር ሲያስዘምራቸው ታያለሽ። ድምፁ ግን የሱ አይደለም! ዜማ ጭራሽ አይሆንለትም ነበር፤ አፉን ነው የሚያንቀሳቅሰው። የሚዘምረው ጄስተር ሄርስተን ነው።

ተጠራጣሪው

የ1967ቱን ጉድ እኔው ልጨምር፣ ለፍትሕ ስል። በዚያ ዓመት ሦስት ትልልቅ ፊልም ነበረው፤ የመምህሩ፣ የጥፊው፣ እና ነጭ እጮኛውን ይዞ ቤተሰቦቿ ጋ የሚሄድበት "ጌስ ሁዝ ከሚንግ ቱ ዲነር"። ይሄኛው ሲቀረጽ በ17 ክፍለ ሀገር የጥቁርና የነጭ ጋብቻ ገና ሕገ ወጥ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉን የሻረው ጁን 1967 ነው። ሦስቱም ሕዝብ ጎረፈላቸው። ኦስካሩ ላይስ? የጥፊው ፊልም ምርጥ ፊልም ተባለ። ምርጥ ተዋናይ ሮድ ስታይገር። ፖይቲየር ለአንዱም አልታጨ። አንድም!

እናንተ እምቢታ ትላላችሁ፤ እምቢ ባዮቹ እነሱም ነበሩ።

ፋኖስ

በዚህ አንለያይም።

ስለዚያ የእራት ፊልም አንድ የምወዳት ነገር አለች። ስፔንሰር ትሬሲና ካትሪን ሄፕበርን ፊት መናገር ከበደው። ትልልቆቹ ናቸው፣ አፉ ተሳሰረ። ዳይሬክተሩ ስታንሊ ክሬመር ሁለቱን ወደ ቤት ላካቸው። ፖይቲየር ለሁለት ባዶ ወንበር እያወራ ሠራው። ዓለም "የማይደነግጥ" የሚለው ሰውዬ!

ከ1970ዎቹ ወዲህ ያለውን በቶሎ ልለፈው። ዳይሬክተር ሆነ፤ በ1980 ያዘጋጀው "ስተር ክሬዚ" የሚባለው ኮሜዲ በአሜሪካ ብቻ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ማንዴላንም ሆኖ ሠርቷል፣ በ1997። ከዚያው ዓመት ጀምሮ ለአስር ዓመት በጃፓን የባሃማስ አምባሳደር ነበር። ጃንዋሪ 6፣ 2022 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በ94 ዓመቱ አረፈ።

የ2002ቱን ግን አልዘልም። የክብር ኦስካር የተሰጠው ምሽት ዴንዘል ዋሽንግተንም ምርጥ ተዋናይ ሆነ፤ ከፖይቲየር ወዲህ በዋና ተዋናይነት የወሰደ የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ እሱ ነው። 38 ዓመት! ዴንዘል መድረክ ላይ "አርባ ዓመት ሲድኒን ሳሳድድ፣ ስትሰጡኝ ደግሞ በዚያው ምሽት ለሱም ሰጣችሁት" ብሎ አሳቃቸው። ከዚያ ዋንጫውን ወደ ላይ፣ ሲድኒ ወደተቀመጠበት አነሣ። ሽማግሌውም ከመቀመጫው ተነሥቶ የራሱን አነሣለት።

የዲሲው ሹፌር

ይህን መኪና ውስጥ ተሳፋሪ እየጠበቅሁ አነበብኩት። ለልጄ ጮክ ብዬ ልተረጉምላት ነው ማታ። የነጠላ ሰረዟን ጭምር።

ልጅ እግር

አየሁት! ትናንት ማታ።

ሒሩት፣ ጥፊዋ ላይ እኔም ጮኬ ጎረቤት አንኳኳ። ግን ሁለተኛ ጊዜ መልሼ ሳየው ዓይኔ የሄደው አሽከሩ ላይ ነው። ትሪውን እንደያዘ ነው። ሎሚውን ማንም አልጠጣውም።